ሙዳይና ውሉ የጠፋው ክር

ልጆች፣ ቀረብ ቀረብ በሉ። እግራችሁንም ሸፈን አድርጉ፤ የዛሬው ታሪክ ብርድ አለበት።

ትንሽ ለቅሶም አለበት። ማልቀስ ያማረው ያልቅስ፣ ማንም አይስቅበትም።

ከእንጦጦ ተራራ ሥር፣ ሸማኔዎች በሚኖሩበት ሰፈር፣ አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟ ሙዳይ ነው።

በእነሙዳይ ቤት ሁሉም ሰው ሥራ አለው። ሁሉም!

አባቷ ዘለቀ ሸማኔ ነው። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይቀመጥና መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል።

«ሽው! ጧ! ሽው! ጧ!» ጨርቁም ትንሽ በትንሽ ያድጋል።

እናቷ አልጋነሽ ፈታይ ናት። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች።

«ዝርርርር!» ጥጡም ቀጭን ክር ይሆናል።

እህቷ ፋናዬ ክሩን በቀሰም ላይ ትጠቀልላለች። ቀሰም ማለት መወርወሪያው ሆድ ውስጥ የምትገባ ትንሽዬ ሸምበቆ ናት።

«ጥቅልል! ጥቅልል!» ፋናዬ ስትጠቀልል ጣቶቿ አይታዩም። እንዲያ ነው የምትፈጥነው።

ወንድሟ ደምስ ጥጥ ይነድፋል፤ በደጋን። «ድም! ድም! ድም!» ጥጡ ተነፍቶ ተነፍቶ ቤቱን ይሞላዋል።

ሙዳይስ?

ሙዳይማ ትቀመጣለች። ሙዳይ ታያለች። ሙዳይ ሥራ የላትም።

«እኔም ሥራ እፈልጋለሁ!» አለች አንድ ቀን።

«ነይ በይ፣ የኔ እናት፣ ሞክሪ» አለች እማዬ። እንዝርቱንም ሰጠቻት።

ሙዳይ እንዝርቱን አሽከረከረችው። ዝርርር... ቅንጥስ! ክሩ ተበጠሰ።

እንደገና አሽከረከረችው። ዝርር... ቅንጥስ! አሁንም ተበጠሰ።

ሙዳይ እጇን አየችው። «እጄ እምቢ አለኝ!» አለች።

ከዚያ ፋናዬ ጋ ሄደች። «ጠቅልዪ እሺ፣ ግን ፍጠኚ!» አለቻት ፋናዬ።

ሙዳይ ጠቀለለች። ቀስ... ቀስ... ቀስ... ቀሰሟ እንደ እርጉዝ ድመት ሆዷ ብቻ አበጠ።

መወርወሪያው ውስጥ አልገባ አለች። ቢገፏት አልገባ አለች፤ ቢመቷት አልገባ አለች።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?» ብላ ፋናዬ በሳቅ ፈነዳች። ሙዳይ ግን አልሳቀችም።

«እጄ እምቢ አለኝ!» አለች።

ከዚያ ደምስ ጋ ሄደች። ደጋኑን ይዛ «ድም!» አደረገችው።

ጥጡ ብን አለ! ፀጉሯ ላይ ጥጥ፣ ሽሮው ላይ ጥጥ፣ የደምስ አፍንጫ ውስጥ ጥጥ።

«እጥሺ! እጥሺ! ኧረ ሂጂልኝ!» አለ ደምስ።

ሙዳይ ጥጡን ከፀጉሯ እየለቀመች ወጣች። «እጄ እምቢ አለኝ!» አለች።

በመጨረሻ አባዬ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። «በይ ወርውሪ፣ ሙዲ።»

ሙዳይ መወርወሪያውን ወረወረችው። ሽው... ኳ! ግድግዳውን መታው። ሲወድቅም ክሮቹን ይዟቸው ወረደ።

ቅንጥስ! ቅንጥስ! ቅንጥስ!

አባዬ አልተቆጣም። ግን በረጅሙ ተነፈሰ። «ይበቃሻል፣ የኔ ልጅ። ይሄ የሰው ጨርቅ ነው» አላት።

ጎረቤታቸው እትዬ ስመኝ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። «ይህቺ ልጅ ምነው እንዲህ ዘገየች? ቀንድ አውጣ ነው እንዴ የወለዳችሁት?» አሉ።

እትዬ ስመኝ ክፉ ሴት አይደሉም። አፋቸው ብቻ ነው መዝጊያ የሌለው።

ሙዳይ ግን ሰማች። አንገቷን ደፋች።

«ሁሉም ሰው ሥራ አለው» ብላ አሰበች። «እኔ ግን ምንም አልችልም። ምንም።»

አሁን ደግሞ ስለ ጋቢው ልንገራችሁ።

የሙዳይ እናት ሆዷ ገፍቷል። ሆዷ ውስጥ ሕፃን አለ።

ክረምትም እየመጣ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ደግሞ ሕፃን ነው፣ ትልቅ ነው ብሎ አይመርጥም።

አባዬ ሲሸምን የሚውለው ለሰው ነው። ነጠላውም የሰው፣ ኩታውም የሰው፣ ጋቢውም የሰው።

እቤታቸው ያለው አንድ አሮጌ ጋቢ ብቻ ነው። ያውም ተቀዳዶ ተቀዳዶ፣ ቀዳዳው ድመት ያሾልካል።

ስለዚህ እማዬ የሰው ሥራ ስትጨርስ፣ በምሽት በምሽት፣ ለሕፃኑ ፈተለች። ወገቧን እያመማት ፈተለች።

«ዝርርርር! ይሄ የሕፃኔ ነው። ዝርርርር! ይሄም የሕፃኔ ነው» ትል ነበር።

ጥጡ እስኪያልቅ ፈተለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ እፍኝ ጥጥ እንኳ አልቀረም።

አንድ ቀን አባዬ ግቢው ውስጥ ችካሎች ተከለ። የእማዬን ክር ይዞ በችካሎቹ መሃል ይሄዳል፣ ይመለሳል። ይሄዳል፣ ይመለሳል።

አንዱ ክር ከላይ ያልፋል፣ አንዱ ክር ከታች ያልፋል። መሃል ላይ ይተላለፋሉ። ሸማኔ ሥራውን የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ ድር ማድራት ይባላል።

«ክሮቹ የሚተላለፉበት ቦታ ሳይታሰር፣ ድር ከችካል አይነሳም!» ይላል አባዬ ሁልጊዜ። «ከተነሳ አለቀ! የላዩ ከታቹ አይለይም።»

ሙዳይም ይህን ብዙ ጊዜ ሰምታለች።

አባዬ ድሩን ጨረሰ። ማሰሪያ ገመድ ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ።

ይሄኔ ሰማዩ ጠቆረ። «ጓ! ጓርርርር!»

ጠብ! አንድ ጠብታ የሙዳይ አፍንጫ ላይ አረፈ። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

ግቢው ውስጥ ሙዳይ ብቻ ነበረች። «ውይ! የሕፃኑ ጋቢ ሊበሰብስ ነው!» አለች።

«በዚህ እንኳ ልርዳ! በዚህ እንኳ ልፍጠን!»

ሮጠች። ሙዳይ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠነች።

ድሩን ከችካሎቹ ላይ አነሳችው። ሳይታሰር።

አይ ሙዳይ! አይ የኔ ሙዳይ!

ክሩን አቅፋ ወደ ቤት ሮጠች። «አባዬ! አባዬ! አዳንኩት!» አለች፤ ፊቷ በርቷል።

አባዬ ማሰሪያውን ገመድ ይዞ ሲወጣ በር ላይ ተገናኙ። አያት። ያቀፈችውን አየ።

ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

አባዬ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለና ራሱን ያዘ።

ሙዳይ ወደ ታች አየች። ያቀፈችው ነገር ድር አይመስልም። የተጨማለቀ የወፍ ጎጆ ነው የሚመስለው።

ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ።

«ውሉን ፈልጉት!» አለች እማዬ። ውል ማለት የክሩ ጫፍ ነው። ውሉ ከተገኘ ክሩ ይፈታል፤ ውሉ ከጠፋ ግን ምን ይደረጋል?

እማዬ ፈለገች፣ ጎተተች። ክሩ ጠበቀ።

ፋናዬ ፈለገች፣ ቶሎ ቶሎ ጎተተች። ክሩ ይበልጥ ጠበቀ።

ደምስ በእግሩ ረግጦ ጎተተ። ቅንጥስ!

«በቃ ተዉት» አለ አባዬ። «ለትራስ መሙያ ይሁን። የሰው ሥራ ይጠብቀኛል፣ ይሄን ስፈታ ክረምቱ ያልቃል።»

ደምስ ክሩን ቅርጫት ውስጥ ወርውሮ በሩ አጠገብ አስቀመጠው።

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጆች፣ እናት ስታለቅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከባድ ነው። በጣም ከባድ ነው።

ሙዳይ ሮጣ አባቷ እግሩን የሚከትበት ጉድጓድ ውስጥ ገባች። እዚያ ውስጥ ኩርምት ብላ ተቀመጠች።

«የነካሁት ሁሉ ይበላሻል» አለች። «ክሩን አበላሸሁ። ቀሰሙን አበላሸሁ። አሁን ደግሞ የሕፃኑን ጋቢ አበላሸሁ።»

ሁለቱን እጆቿን ብብቷ ውስጥ ደበቀቻቸው። «ከእንግዲህ ምንም አልነካም። እስክሞት ድረስ ምንም አልነካም!»

እራት ሲቀርብም እጇን አላወጣችም።

«ብዪ እንጂ» አሏት። ሙዳይ ራሷን ነቀነቀች።

«እጄ አይነካም» አለች። እንባዋ በአፍንጫዋ ጎን ወረደ።

እማዬ የራሷ ዓይን ገና እንዳበጠ ነው። ግን ጠቅልላ አጎረሳት። ደግሞ አጎረሳት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ።

ሙዳይ እያለቀሰች ዋጠች። ወጡ ከእንባዋ ጋር ጨው ጨው አላት።

በማግስቱም ዘነበ። እማዬ የተቀዳደደውን ጋቢ ሆዷ ላይ ደርባ ትንቀጠቀጣለች።

ሙዳይ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች፤ እጆቿ ብብቷ ውስጥ ናቸው። አባዬ የሰው ጨርቅ ይሸምናል።

ሽው... ጧ... ሽው... ጧ...

በዚህ መሃል ዶሮዋ ገብስማ ከዝናብ ሸሽታ ገባች። ወዲያ አየች፣ ወዲህ አየች።

ቅርጫቱን አየችው። «ኧረ! ይሄ ሁሉ ጎጆ ለኔ ነው እንዴ?» ያለች ትመስላለች። ዘላ ገባችበት።

«ቋ! ቋ! ቋ!» እንቁላል ልትጥል ተመቻቸች።

«እሽ!» አለች ሙዳይ። ገብስማ ንቅንቅ አላለችም።

«እሽ! እሽ!» ገብስማ ልትዘል ሞከረች፤ አልቻለችም። እግሯን ክሩ ይዟታል!

«ቋቋቋቋ!» ክንፏን አራገበች። ክሩ እግሯ ላይ ጠበቀ። ቀጭኗ እግሯ ደማች።

ሙዳይ እጇን ረሳችው። ከብብቷ መቼ እንዳወጣችው አታውቅም።

ገብስማን በክንዷ እቅፍ አደረገቻት። «አይዞሽ፣ አይዞሽ። አልጎትትም። ካልጎተትኩ አያምሽም።»

አንዱን ክር በጣቷ ጫፍ አነሳችው። ከየት እንደመጣ አየች። ወዴት እንደሚሄድ አየች።

«ቀስ... ቀስ... ሾለክ!» አንዱ ክር ከእግሯ ወጣ።

ሁለተኛውን አየችው። እሱ ደግሞ በሌላ ክር ሥር ያልፋል። ላላ አደረገችው።

«ቀስ... ቀስ... ሾለክ!»

ገብስማ ዝም አለች። ዓይኗንም ጨፈን አደረገች።

«ቀስ... ቀስ... ሾለክ!» እግሯ ተፈታ! ገብስማ ዘላ ወርዳ፣ አመሰግናለሁም ሳትል ሄደች።

ሙዳይ ቅርጫቱን አየች። አንዲት ነጭ ጫፍ ብቅ ብላለች፤ የገብስማ እግር ላይ የነበረችው ናት።

ውሉ!

ሙዳይ ወደ አባዬ አየች። አባዬ ጀርባውን ሰጥቷል። ወደ እማዬ አየች። እማዬ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ብነካው ይቆጡኛል» አለች በልቧ። ግን ጣቷ ጫፏን ይዛለች።

ክሩ ከላይ ሄደ፣ ተከተለችው። ከታች ገባ፣ ተከተለችው። በመሃል ጠፋ፣ ጠበቀችው።

«ቀስ... ቀስ... ሾለክ!»

ክር ወጣ። ደግሞ ወጣ። ሙዳይ ደስ አላት።

ደስ ሲላት ግን ቸኮለች። ጎተተች።

ጭምድድ! ክሩ እንደ ድንጋይ ጠበቀ።

«አየሽ?» አለች ለራሷ። «አየሽ? አበላሸሽው። አንቺ እኮ ምንም አትችይም።»

ቅርጫቱን ገፍታ ተነሳች። ግንባሯን በሩ ላይ ደግፋ አለቀሰች፤ ድምጿ እንዳይሰማ አፏን ይዛ።

ዝናቡ አላቆመም። ማንም መጥቶ «አይዞሽ» አላላትም፤ ማንም አላየማ!

ከኋላዋ እማዬ በእንቅልፏ «ብርድ... ብርድ...» አለች።

ሙዳይ ዞረች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ተመልሳ ተቀመጠች።

አሁን አልጎተተችም። የጠበቀውን ቦታ በሁለት ጣቶቿ አሸችው። እፍ አለችበት። ወደ ውስጥ ገፋችው እንጂ ወደ ውጭ አልሳበችውም።

ላላ። ትንሽ ላላ። ደግሞ ላላ።

«ቀስ... ቀስ... ሾለክ!»

ሙዳይ እንዲህ ስታደርግ ዋለች። በማግስቱም ዋለች። በሦስተኛውም ቀን ጀርባዋን እያመማት ዋለች።

ደምስ አየና «ውይ፣ ይህቺ ልጅ የወፍ ጎጆውን ልትጨርሰው ነው!» ብሎ ሳቀ። ፋናዬ ግን አልሳቀችም፤ የወጣውን ክር እያጠነጠነች ከአጠገቧ ተቀመጠች።

«ፍጠ...» ልትል ስትጀምር፣ ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ።

«ማንም እንዳይቸኩልባት!»

አባዬ ነው። መወርወሪያውን አስቀምጦ፣ ዞሮ ያያታል። ስንት ጊዜ እንዳያት እንጃ።

ሙዳይ ደነገጠች። እጆቿን ወደ ብብቷ መለሰቻቸው። «ነካሁት፣ አባዬ። አትቆጣኝ።»

አባዬ ከጉድጓዱ ወጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። የተፈታውን ክር በመዳፉ ይዞ አየው። እሷ ከፈታችው አንዱም አልተበጠሰም።

«እኔ ስንት ዘመን ሸመንኩ» አለ። «እንዲህ የተተበተበ ሳይ ግን እጄ የሚፈልገው መቀስ ነው። እኛ ሁላችን ጎተትን፣ ሙዲ። አንቺ አልጎተትሽም።»

«ዘገምተኛ ስለሆንኩ ነው» አለች ሙዳይ። አንገቷን ደፋች።

«አዎ፣ ዘገምተኛ ነሽ» አለ አባዬ። «ይሄ ሥራ የሚፈልገው ዘገምተኛ እጅ ነው። በቤታችን አልነበረንም፤ አሁን አለን።»

ሙዳይ ቀና ብላ አየችው። እየቀለደ መስሏት ነበር። እየቀለደ አልነበረም።

አንድ ጠዋት እማዬ «ዋይ! ወገቤን!» አለች። ሰዓቱ ደረሰ። እትዬ ስመኝ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት።

አባዬ ሊከተል ሲል «አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ? ሂድና የልጅህን ጋቢ ሥራ!» ብለው መለሱት።

ክሩ ግን ገና አላለቀም ነበር። ግማሹ ቅርጫት ውስጥ እንደተተበተበ ነው።

«አልደረስኩም!» አለች ሙዳይ፤ እንባዋ መጣ። «ሕፃኑ ቀደመኝ!»

አባዬ የተፈታውን በእጁ መዘነ። «ለትልቅ ሰው አይበቃም» አለ። «ለትንሽ ሰው ግን ይበቃል።»

ዝናቡ ጋብ ሲል ችካሎቹን አቀራርቦ ተከለ። ሄደ፣ ተመለሰ። ሄደ፣ ተመለሰ። ጠባብ ድር፣ ትንሽ ድር።

ከዚያ ማሰሪያውን ገመድ ለሙዳይ ሰጣት። «እሰሪው።»

«እኔ?» አለች። አባዬ ጠበቃት። ማንም አልቸኮለባትም።

ሙዳይ የላዩን ክር አየች፣ የታቹን ክር አየች። ገመዱን በመሃል አሾልካ አሰረችው።

ከዚያማ ተዉት! ደምስ ዕቃ ሲያቀብል፣ ፋናዬ ስትጠቀልል፣ አባዬ ሲወረውር፤ ቤቱ በድምፅ ተሞላ።

«ጥቅልል! ጥቅልል! ሽው! ጧ! ሽው! ጧ!»

በማግስቱ ማታ፣ በሩ ተንኳኳ። «ኳ! ኳ! ኳ!»

እማዬ ናት፤ እትዬ ስመኝ ደግፈዋታል! ፊቷ ገርጥቷል፣ ግን ትስቃለች። እቅፏ ውስጥ አንድ ትንሽዬ፣ ቀይ፣ የተናደደ ሰው አለ።

በዚያ በተቀዳደደው ጋቢ ተጠቅልሏል። ብርዱ በቀዳዳው ገብቶበት ይንሰፈሰፋል። «እንጓ! እንጓ! እንጓ!»

አባዬ ጨርቁን ከሽመና ዕቃው ላይ ቆርጦ አወረደ። ገና ሙቀት ያለው ይመስላል።

ሕፃኑን ጠቀለሉት። ጋቢው ከአንገቱ እስከ እግሩ ጣት ደረሰ፤ ከዚያ አላለፈም።

«እንጓ! እንጓ... እን...»

ዝም።

ሕፃኑ አዛጋ። ቀይ የነበረው ፊቱ ቀስ እያለ ለሰለሰ።

እማዬ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችው። የራሷን ክር አወቀችው። «ይሄ... ይሄ እኮ ለትራስ የተጣለው ነው! ማን ፈታው?»

ሁሉም ወደ ሙዳይ ዞሩ።

እማዬ የሙዳይን እጅ ይዛ ጣቶቿን ሳመቻቸው። ክር የቆረጣቸውን፣ የላጣቸውን። «እነዚህን ነው ስትደብቂብኝ የከረምሽው?» አለች። አሁንም አለቀሰች፣ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም።

እትዬ ስመኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እህ... እህ... እኔ ቤት ደግሞ አይጥ የበጠበጠው አንድ ልቃቂት ክር ነበረኝ። ይህቺ ቀንድ... ማለቴ ሙዳይ፣ ነገ ብታይልኝ?»

«ወረፋ ያዙ!» አለ ደምስ። «ቅርጫቱ ውስጥ የእኛ ግማሽ አለ!»

ሙዳይ ሳቀች። ስንት ጊዜዋ! መሳቅ ረስታው ስለነበር መጀመሪያ ያሳለች ነው የመሰለችው።

መሸ። ብርዱ ውጭ ቀረ። ሙዳይ ከእማዬና ከሕፃኑ አጠገብ ተኛች፤ ፋናዬ ጣቶቿን ቅቤ ቀባቻት።

ሕፃኑ በእንቅልፍ ልቡ እጁን ዘረጋ። የሙዳይን ጣት አገኘና ጭብጥ አደረገው። እንዴት ያጠብቃል!

«ጣትሽን ላስለቅቅልሽ?» አለች እማዬ በሹክሹክታ።

ሙዳይ ትንሿን ጭብጥ አየቻት። ብትፈልግ መፍታት ትችላለች።

«ተይው» አለች። «ይሄን አልፈታውም።»

ጣቷን እንደተያዘች እንቅልፍ ወሰዳት።

እናንተስ ልጆች? በሉ እጃችሁን ስጡኝ። እኔም ይዤው ልተኛ።